የአኩሪ አተር ፕላስቲክ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

5 ግራም የአኩሪ አተር ፕሮቲን፣ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ ትንሽ ኮስቲክ ሶዳ፣ ፕላስቲኩን የሚያለሰልስ፣ ከፋርማሲ የተገዛ 3 ግራም ግሊሰሪን። ታሞቃለህ፣ ሳህን ላይ ታፈሳለህ፣ ሲደርቅ ስስ ፕላስቲክ ትልጣለህ። ቀላል ይመስላል፣ አይደል? እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የገባሁበት።

የመጀመሪያው ስህተት ዱቄቱን ፕሮቲን ማለት ነው። ዘይቱ የወጣለት የአኩሪ አተር ዱቄት ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ፕሮቲን። ቀሪው በአብዛኛው ስኳርና ቃጫ ነው። አይሶሌት የሚባለው የተጣራው ግን 90 በመቶ ይደርሳል።

ሁለተኛው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ሳይለኩ መሥራት። ወተት ላይ ሎሚ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። የአኩሪ አተር ፕሮቲንም ፒኤች 4.5 አካባቢ እንደዚያው ይቋጠራል። ስለዚህ በኮስቲክ ሶዳው ወደ 10 ከፍ እናደርገዋለን። ማብዛትም ሌላ ጣጣ አለው። አንዴ ኮስቲክ ሶዳውን በግምት ጨምሬ፣ እሳት ላይ ትቼው ምሳ ሄድኩ። ስመለስ ክፍሉ አሞኒያ አሞኒያ ይላል፣ ፈሳሹ ሻይ መስሏል። የፕሮቲኑ ሰንሰለት ተበጣጥሷል ማለት ነው። የደረቀው ነገር ሳህኑ ላይ ተሰነጣጥቆ ቀረ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ኬሚካል ሲመርጥ ነው። ሰክሲኒክ አንሃይድራይድ ፕሮቲኑን “ያሻሽላል” ሲባል ሰምቶ ይገዛል። ይህ ነገር ላይሲን በሚባለው የፕሮቲኑ ክፍል (አሚኖ አሲድ) ላይ ይጣበቅና አሲዳማ ጅራት ይተክልበታል። ውሃ እንዲቋቋም ፈልገህ ይብስ ውሃ ወዳድ አድርገኸው ቁጭ! (እየሠራ ሳለም ፒኤቹን ያወርዳል፤ 8 እና 9 መካከል ካልያዝከው ይቆማል።) ውሃ እንዲቋቋም ከተፈለገ ሰንሰለቶቹን እርስ በርስ ማሰር ነው። ግሉታራልዴሃይድ የሚባለው ኬሚካል ላይሲኖቹን ይዞ ያስራል፤ ያለ ጓንትና ያለ በቂ አየር ግን አትንኩት። የስንዴ ግሉተን ላይ ደግሞ ብዙ አትጠብቁበት፤ ላይሲኑ ጥቂት ነው። የግሉተን ጉልበት ሲስቲን የሚባሉት ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶቹ ናቸው። እነሱን ሙቀት ራሱ ያስተሳስራቸዋል።

ማድረቁን በምድጃ አታቻኩሉት፣ ይሰነጠቃል።

የመጨረሻው የውሃ ፈተናው ነው። ፕላስቲኩን ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ፣ አድርቃችሁ ስትመዝኑት 40 በመቶ ቀንሷል እንበል። “አልታሰረም” ብላችሁ እንዳትጥሉት። ከ8 ግራሙ 3ቱ ግሊሰሪን ነበር፤ እሱ ውሃ ሲያገኝ ይወጣል። የጠፋው 3.2 ግራም ከሆነ፣ የሟሟው ፕሮቲን 0.2 ግራም ቢሆን ነው። ስታጥፉት ቀጭ ብሎ የሚሰበረውም ግሊሰሪኑ ስለሄደ ነው።