የመራጮች ትምህርት በውጭ ድጋፍ፦ ወሎ ላይ ያለ ማኅበር እንዴት ይጀምር?

ምርጫ ሲቃረብ ስልኬ ይበዛል። ከሐይቅም፣ ከወልዲያም፣ ከኮምቦልቻም ማኅበር ያቋቋሙ ልጆች ይደውላሉ። «ጋሼ፣ ለሰፈራችን የመራጮች ትምህርት መስጠት እንፈልጋለን፤ ከውጭ ድጋፍ የሚገኘው እንዴት ነው?» ይሉኛል። በስልክ የምነግራቸውን ዛሬ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

ከፕሮፖዛል በፊት ቅሬ ሂዱ

ብዙዎቹ ላፕቶፕ ከፍተው ፕሮፖዛል መጻፍ ይጀምራሉ። እኔ መጀመሪያ ወደ ቅሬ፣ ማለትም ወደ ሰፈሩ እድር፣ ሂዱ እላለሁ። የቅሬውን ዳኛ አስፈቅዱ። ሰው በሚሰበሰብበት ቀን ጥግ ይዛችሁ ተቀመጡ፤ ቡናው ጀባ ሲባል ተቀበሉና አዳምጡ። ሰዉ ስለ ምርጫ የሚጠይቀውን አንድ በአንድ በደብተር ጻፉ። እናንተ መልስ አትስጡ፤ የዚያን ቀን ሥራችሁ መጻፍ ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ደሴ ዙሪያ ባለ ቀበሌ እያስተማርን ነበር። የመረጠ ሰው ጣቱን ስለሚቀባው የማይለቅ ቀለም ስናስረዳ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ጣቴ ላይ ከቀረ ውዱዬ ይያዝልኛል?» አሉ። ለሶላት ሲታጠቡ ቀለሙ ውሃውን እንዳይከለክልባቸው ሰግተው ነው። ቤቱ ጸጥ አለ። የያዝነውን ማኑዋል ከዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የለበትም። ያዘጋጁት ሰዎች ለፍተውበታል፣ ግን ወሎ ቁጭ ብለው አልጻፉትም። መልሱም የእኛ አልነበረም። የሰፈሩን ሼህ አስጠራን። ቀለሙን ጣታቸው ላይ ነካ አደረጉት፣ አስደረቁት፣ በውሃ አሹት። ከዚያ ለሴትየዋ ጣታቸውን አሳዩአቸውና «እንደ እንሶስላ ነው፤ መልኩ ይቀራል እንጂ ውሃ አይከለክልም። አብሽሪ» አሉ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የጥያቄ ብዛት አልነግራችሁም። እስከዚያ ድረስ ሰዉ ለካ ዝም ያለው ገብቶት አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከድጋፍ ሰጪ ጋር ስቀመጥ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ የማኖረው የጥያቄ ደብተሩን ነው።

በአገር ደረጃም መንገዱ ይኸው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በራሱ ተነስቶ ለማንም የምርጫ ድጋፍ አይሰጥም። አገሩ መጠየቅ አለበት፤ አለዚያም የጸጥታው ምክር ቤት ወይም ጠቅላላ ጉባኤው ማዘዝ አለበት። የዚህ ሥርዓት መነሻ ጠቅላላ ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳለፈው የውሳኔ ቁጥር 46/137 ነው። ጥያቄው ሲቀርብ ደግሞ መጀመሪያ የሚላከው ፍላጎቱን የሚያጠና ቡድን ነው፤ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለ2013ቱ ምርጫ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በተመድ የልማት ፕሮግራም በኩል ድጋፍ ሲያገኝም ቦርዱ ጠያቂ ነበር። የእናንተም ማኅበር በአቅሙ ጠያቂ ይሁን። ያልጠየቀ ማኅበር ሌላ ሰው ያሰበለትን ሥራ ይሠራል።

ወረቀታችሁን ጨርሱ

ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መመዝገብ አለባችሁ። ለመራጮች ትምህርት ደግሞ ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ መውሰድ አለባችሁ። በ2001 የወጣው የድሮው አዋጅ 621 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝን ድርጅት በመብትና በዴሞክራሲ ሥራ እንዳይገባ አግዶ ነበር። አዋጅ 1113/2011 ያንን አነሳው። ለአስተዳደር የሚወጣውን ግን በ20 በመቶ ገደበ። ሕግ ይሻሻላል፤ ስለዚህ ውል ከመፈረማችሁ በፊት ባለሥልጣኑ ዘንድ ሂዳችሁ ሥራ ላይ ያለውን ድንጋጌ በወረቀት ያዙ። ሰው የነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትፈርሙ።

የፓርቲ አባል የሆነ አሠልጣኝ አታስገቡ። የገዛ ወንድማችሁ ቢሆንም።

የገንዘቡን መንገድ እወቁ

ኤምባሲ ለአንድ የወረዳ ማኅበር በቀጥታ ገንዘብ ሲሰጥ ብዙም አይታይም። ገንዘቡ መጀመሪያ ወደ ምርጫ ቦርድ ወይም ወደ አንድ ትልቅ ድርጅት ይገባል። ከዚያ ተከፋፍሎ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ የምታንኳኩት በር አዲስ አበባ ያለ የአገር ውስጥ የማኅበራት ኅብረት ነው። እዚያ የሚጠየቀው ኦዲት፣ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብና ደረሰኝ ነው። የሻይ ደረሰኝ ሳይቀር ያዙ።

አበልን በተመለከተ ሐሳቤ የከረረ ነው። «አበል ከሌለ ሰው አይመጣም» ይባላል። የአሠልጣኝ ትራንስፖርትና ምሳ ይከፈል፣ ተገቢ ነው። የገዛ መብቱን ለሚማር ሰው ግን ብር አትክፈሉ። አንዴ ከከፈላችሁ በሚቀጥለው ምርጫ ያለ ብር የሚመጣ የለም፤ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣውም መንገዱን ዘጋችሁበት ማለት ነው። ቡናና ቆሎ ይበቃል።

ቋንቋውን አስቀድማችሁ ተደራደሩ

ወሎ አንድ ቋንቋ አይደለም። ከሚሴና ባቲ ኦሮምኛ አለ፣ ዋግ ኽምጣና አለ፣ በቆላው በኩል አርጎብኛና አፋርኛ ይሰማል። አንድ አጋራችን በአማርኛ ብቻ የታተመ በራሪ ወረቀት በካርቶን ልኮልን ነበር። ይዘነው ባቲ በሰኞ ገበያ ወረድን። ሰዎች በትህትና ተቀበሉን፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከቀኑ መጨረሻ አንድ ልጅ «ጥሩ ወረቀት ነው፣ ግን በቁቤ የተጻፈ የላችሁም?» አለን። የወደቀው ወረቀት ሳይሆን የእኛ ውል ነበር። አሁን የትርጉምና የድምፅ ቅጂ ወጪ በጀቱ ላይ በራሱ መስመር ካልተጻፈ አልፈርምም።

አለማምዱ እንጂ አታውሩ

ንግግር ይረሳል፤ እጅ የሠራው አይረሳም። ካርቶን ውሰዱ፣ አናቱን ቅደዱ፣ በፕላስተር አሽጉ። በመጋረጃ ወይም በነጠላ አንድ ጥግ ከልሉ። የመለማመጃ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ የጤፍ፣ የማሽላና የገብስ ሥዕል አድርጉ። የእውነት ፓርቲ ምልክት በፍጹም አትጠቀሙ። ሰው ተሰልፎ ይመዝገብ፣ ወረቀቱን ይውሰድ፣ ተከልሎ የኤክስ ምልክት ያድርግ ወይም ጣቱን ያሳርፍ፣ አጥፎ ይክተት። ሁለት ሥዕል ላይ ምልክት ያደረገ ሲገኝ ወረቀቱን ከፍ አድርጋችሁ «ይህ ለምን አይቆጠርም?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ሰዉ ራሱ ያመጣዋል።

ቆጠራውን ሁሉም እያየ አድርጉ፤ ውጤቱንም ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የእውነተኛው ጣቢያ ውጤትም በር ላይ እንደሚለጠፍ ያኔ ንገሯቸው። መሠረታዊውንም እዚያው አስገቡ፦ 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር፣ ድምፅ የሚሰጠው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት መሆኑ።

ቆላ ላይ ብዙ ጊዜ ማሽላ ያሸንፋል። ጤፍ የመረጡት ሲያጉረመርሙ ያኔ ስለ ቅሬታ አቀራረብ አስረዱ። ከዚያ የተሻለ ሰዓት አታገኙም።

ገንዘቡ ሲቆም የሚቀረውን ከመጀመሪያው አስቡ

በ2017 የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ በእሱ ላይ ብቻ የቆመ ብዙ ሥራ ተቋረጠ። ውጭ ያለ አጋር ቸር ሊሆን ይችላል፤ በጀቱን የሚወስነው ግን የራሱ አገር ነው። ስለዚህ በየቀበሌው ቢያንስ ሁለት ሰው፣ አንዷ ሴት፣ ያለ እናንተ ልምምዱን መምራት እስኪችሉ ድረስ አብራችሁ ሥሩ። በመጨረሻው ቀን ሪፖርት ከመላካችሁ በፊት የጥያቄ ደብተሩን ቅጂ፣ የታሸገውን ካርቶንና መጋረጃውን ለቅሬው ንብረት ያዥ በፊርማ አስረክቡ። ከድንኳኑና ከድስቶቹ ጎን ይቀመጥ።