የሙስታንጓ አፍንጫ አልነሳ ሲል

ፎክስ ቦዲ የሚባለውን የፎርድ ሙስታንግ መኪና፣ እ.ኤ.አ. የ1979–1993ቱን ማለቴ ነው፣ ለድራግ (ቀጥ ባለ አጭር መንገድ ላይ ለሚደረግ የፍጥነት ውድድር) ለምታዘጋጁ። የኔዋ አረንጓዴው ሲበራ የኋላ ጎማዋን ታሽከረክራለች እንጂ አፍንጫዋ ንቅንቅ አይልም ነበር። ክብደቱ ወደ ኋላ ካልሄደ ጎማው በምን አቅሙ አስፋልት ይቧጥጥ? ጎማ ቀይር ያላለኝ የለም።

የፊቱን ሞላና ሾክ ፈትቼ የታችኛውን ብራቾ (ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘውን ክንድ) በእጄ ከፍ ዝቅ ሳደርገው ግን እንደ ወንጭፍ ላስቲክ ወደ ቦታው ይመለሳል። ነገሩ ገባኝ። ብራቾው መጋጠሚያ ላይ ያለው የፋብሪካው ጎሚኒ (ላስቲክ ቡሺንግ) ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ አይዞርም፣ ይጠመዘዛል፤ ስለዚህ አፍንጫዋ ልትነሳ ስትል ቁጭ በይ ይላታል።

አንዳንዶች የብራቾውን ብሎን አላልተው ይተዉታል። እኔ አልወደውም፣ ቀዳዳውን ይበላዋል። በግሪስ እንደልቡ በሚዞር የዴልሪን (ጠንካራ ፕላስቲክ) ቡሺንግ ቀየርኩት፣ የፊቱን ስታብላይዘር ባር፣ ኩርባ ላይ እንዳታዘነብል የሚይዛትን ብረት፣ አወረድኩ፣ ሾኩንም 90/10 አደረግኩ፤ ያ ማለት ሲዘረጋ ልል፣ ሲጨመቅ ጠጣር የሆነው። አሁን ነዳጅ ስረግጥ ብድግ ትላለች፣ ጎማውም ይነክሳል።

ብቻ ያለ ባሩ ኩርባ ላይ ክፉኛ ታዘነብላለች፣ ከተማ ውስጥ የምትነዷት ባሩን እንዳትነኩ።