የተቀየረ ዳትሰን 280ዜድን በካሊፎርኒያ ስሞግ ቼክ ማሳለፍ

የ1975 እና የ1976 ዳትሰን 280ዜድ ጎን ለጎን ቢቆሙ ብዙ ሰው አይለያቸውም። ካሊፎርኒያ ግን ትለያቸዋለች። የሞዴል ዓመቱ 1975 ወይም ከዚያ በፊት የሆነ የቤንዚን መኪና ከስሞግ ቼክ (ከግዛቱ የጭስ ምርመራ) ነፃ ነው። ከ1976 ጀምሮ ያለው ግን በየሁለት ዓመቱ፣ ባለቤት ሲቀይርም ጭምር ይመረመራል። ከቨርጂኒያ ወይም ከሜሪላንድ መኪናውን አስጭኖ ሎስ አንጀለስ የሚገባ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። እዚያ በዚህ ዕድሜ ያለን መኪና ጭስ የሚጠይቅ የለም፤ እዚህ ግን ታርጋ ለማውጣት መጀመሪያ ስሞጉ መታለፍ አለበት።

ስለ 280ዜድ የምንጽፈው ሰው አብዝቶ የሚነካካው መኪና ስለሆነ ነው። ሦስት ዌበር ካርቡሬተር ይገጠምለታል፣ ሄደር (የፋብሪካውን የጭስ ማኒፎልድ የሚተካ ቱቦ) ይገባለታል፣ የተከታዩ ሞዴል የ280ዜድኤክስ ቱርቦ ሞተር ይሰካበታል። ከዚያ የምርመራ ማስታወሻ ፖስታ ሲመጣ ሩጫው ወደ ነዳጅ ማደያ፣ ‹‹ስሞግ ያሳልፋል›› ወደሚል ጠርሙስ ይሆናል። ጠርሙሱን ይተዉት። የተቀየረ መኪና በአብዛኛው የሚወድቀው ኮፈኑ ሲከፈት ነው፣ ጭሱ ንጹሕ ቢሆንም።

መንገዱ ሁለት ነው

አንደኛው ተራው የስሞግ ጣቢያ ነው። መርማሪው የጭስ መቆጣጠሪያ ዕቃዎቹ በሙሉ በቦታቸው መኖራቸውን በዓይኑ ያያል፣ አንዳንዶቹን እየነካ ይፈትሻል፣ ጭሱንም ይለካል። ከሦስቱ በአንዱ መውደቅ መውደቅ ነው። ጭሱ ንጹሕ ሆኖ ዌበር የገጠመ መኪና ይወድቃል፤ ካርቡሬተሮቹ ለዚህ መኪና ፈቃድ የላቸውምና።

ሁለተኛው ሬፈሪ የሚባለው ነው። በካሊፎርኒያ የመኪና ጥገና ቢሮ ሥር የሚሠራ ገለልተኛ መርማሪ ሲሆን በቀጠሮ ብቻ ያስተናግዳል፤ ብዙዎቹ ቦታዎች ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ውስጥ ናቸው። መኪናው 35 የሞዴል ዓመት ከሞላውና የኢንሹራንሱ ዓይነት የሰብሳቢ መኪና ኢንሹራንስ ከሆነ፣ ሬፈሪው ጋ የዕቃ ቆጠራው ይቀራል። የሚታየው የጭሱ ልኬት፣ የቤንዚን ታንኩ ክዳን፣ እና የሚንጠባጠብ ቤንዚን መኖር አለመኖሩ ነው። ማንኛውም 280ዜድ ዕድሜውን ካለፈ ቆይቷል፤ ስለዚህ ካርቡሬተሩን ማውጣት የማይፈልግ ሰው ያለው ሕጋዊ መንገድ ይህ ነው። ጭሱ ግን በተሠራበት ዓመት ልክ ማለፍ አለበት። እንዲህ ያለው ኢንሹራንስ በየቀኑ ሥራ የሚነዳን መኪና ስለማይሸፍን፣ መኪናው የዘወትር መጓጓዣዎ ከሆነ ይህን በር ይርሱት።

በተራው ጣቢያ ለሚሄዱ፦ ከመለያው ይጀምሩ

ኮፈኑ ሥር የተለጠፈው የጭስ መቆጣጠሪያ መለያ የመኪናው መታወቂያ ነው። የትኞቹ ዕቃዎች እንደተገጠሙለት፣ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚሠራበት ፍጥነት) በደቂቃ ስንት ዙር እንደሆነ፣ የእሳት ታይሚንጉ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ስንት ዲግሪ እንደሆነ፣ የተሠራው ለካሊፎርኒያ ይሁን ለሌሎቹ ግዛቶች ተጽፎበታል። መርማሪው መኪናውን የሚያመሳክረው ከዚህ ጋር ነው። ለሌሎቹ ግዛቶች የተሠራና ካታሊስት (በጭስ መውጫው መስመር ላይ ጭሱን የሚያጠራ ዕቃ) ያልተጻፈበት መኪና ካታሊስት አምጣ አይባልም፤ የተጻፈበት ግን ባዶ ቱቦ ይዞ አያልፍም። መለያው ከተቀደደ ወይም በቀለም ከተሸፈነ ቀድመው ምትኩን ያፈላልጉ።

ከዚያ የተጨመረውን ዕቃ አንድ በአንድ ያዩታል። በፋብሪካው የአየር ፊልትሮ ቤት ውስጥ የሚገባ የሌላ ኩባንያ ፊልትሮ ችግር የለውም። ቤቱን ጥሎ የሚገጠም ክፍት ፊልትሮ፣ ካታሊስት ባለው መኪና ላይ የገባ ሄደር፣ ምትክ ካታሊስት፣ እነዚህ ሁሉ ከካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የተሰጠ የፈቃድ ቁጥር ይፈልጋሉ። ቁጥሩ ዕቃው ላይ ታትሞ ወይም ተለጥፎ መገኘት አለበት፣ ለእርስዎ ዓመትና ሞተርም መሆን አለበት። ‹‹ሻጩ ሕጋዊ ነው ብሎኛል›› የሚለው ምርመራ ላይ አይሠራም። ለሌላ ግዛት የተሸጠ ርካሽ ካታሊስት ጭሱን ቢያጠራም አያሳልፍም።

ሄደር ሌላም ጣጣ አለው። በዚህ ሞተር ላይ ወደ ኢጂአር ቫልቭ (ከተቃጠለው ጭስ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰው) የሚሄደው ጭስ የሚነሳው ከፋብሪካው የጭስ ማኒፎልድ ነው። መውጫ የሌለው ሄደር ከተገጠመ ኢጂአሩ ቫልቩ እያለ ባዶ ነው፤ መርማሪውም ቱቦው መቆረጡን ወዲያው ያየዋል።

የቱርቦ ሞተር ቅየራ ይቻላል። ሞተሩ ከመኪናው ዓመት እኩል ወይም አዲስ መሆን አለበት፤ ከ1981 እስከ 1983 ያለው የ280ዜድኤክስ ቱርቦ ይህን ያሟላል። ነገር ግን ኮምፒዩተሩ፣ የኦክስጅን ሴንሰሩ፣ ካታሊስቱ፣ ኢጂአሩ፣ ሁሉም ከሞተሩ ጋር አብረው መግባት አለባቸው። ሬፈሪው አይቶ የራሱን መለያ ይለጥፍልዎታል፤ ከዚያ ወዲያ ተራ ጣቢያ መሄድ ይችላሉ።

የቤንዚን ትነት

ከ1976 እስከ 1995 ባሉት መኪኖች የቤንዚን ታንኩና ቱቦዎቹ በአነስተኛ ግፊት፣ ወደ 0.5 ፒኤስአይ በሚጠጋ፣ አየር እንዳያፈስሱ ይፈተሻሉ። በ280ዜድ ላይ ጥፋተኞቹ ከኋላ የዕቃ መጫኛው የጎን ሽፋን ጀርባ ያሉት የትነት ጎሚኒዎች ናቸው። ሽፋኑን አውጥተው በእጅዎ አጠፍ ያድርጓቸው፤ ስንጥቅ ካሳዩ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለቤንዚን በሚሆን ጎሚኒ ይቀይሩ፣ ፋሸታውንም አዲስ ያድርጉ። መኪናው ውስጥ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ምርመራውን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይሥሩት።

ሞተሩን ማስተካከል

ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው። ቫልቮላ ሳይስተካከል ድብልቁን መነካካት ድካም ነው። ሞተሩ ሞቆ ሳለ የማስገቢያው ክፍተት 0.25፣ የማስወጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ይሁን። የካንዴላውን ክፍተት በመኪናዎ ዓመት መመሪያ ልክ ያድርጉት። የዲስትሪቢዩተሩ ካፕ፣ ሮተርና የካንዴላ ገመድ አሮጌ ከሆኑ ይቀየሩ፤ አንድ ሲሊንደር አልፎ አልፎ እሳት ቢያመልጠው ያልተቃጠለው ቤንዚን እንዳለ ይወጣል። ታይሚንጉን በመብራት ለክተው በመለያው ቁጥር ላይ ያድርጉት። ማዘግየት ጭሱን እንደሚቀንስ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ይሞክራል፤ መርማሪውም ስለሚያውቅ ይለካዋል፣ ከ3 ዲግሪ በላይ ልዩነት ካገኘ ይጥለዋል።

ቀጥሎ የአየር መስረቅ። ይህ ሞተር የሚገባውን አየር በበር መልክ በተሠራ መለኪያ ቆጥሮ ነው ቤንዚን የሚሰጠው። ከመለኪያው በኋላ የሚገባ አየር ሁሉ ያልተቆጠረ ነው። ከመለኪያው ወደ ሞተሩ አየር የሚወስደው የላስቲክ ቡት ስንጥቅ ብቻ ሳይሆን የዘይት ክዳኑና የዘይት መለኪያ ዘንጉ ጎሚኒም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። መሣሪያ የማይጠይቅ ፍተሻ አለ፦ ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት ክዳኑን ያንሱ። ሞተሩ መንገዳገድ ወይም መጥፋት አለበት። ምንም ካልተሰማው ቀድሞውኑ ሌላ ቦታ አየር እየሰረቀ ነው።

ድብልቁ ቤንዚን ከበዛበት መጀመሪያ የውሃ ሙቀት ሴንሰሩን ይለኩ። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከ2.1 እስከ 2.9 ኪሎ ኦም፣ 80 ዲግሪ ላይ ከ270 እስከ 370 ኦም ማሳየት አለበት። ሴንሰሩ ደህና ሆኖ ሶኬቱ ከዛገ ኮምፒዩተሩ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ይጨምራል፤ ሶኬቱን ይጥረጉ፣ ገመዱ ከተበላ ይቀይሩ። ቴርሞስታቱም እንዲሁ ነው። ሞተር ሲግል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል በእኛ ጋራዦች የታወቀ መፍትሔ ነው፤ በዚህ መኪና ላይ ግን ሞተሩ ስለማይሞቅ ቤንዚኑ እንደበዛ ይቀራል። 82 ዲግሪ የሚከፈተውን ይመልሱ።

የቤንዚን ግፊቱ የግፊት መቆጣጠሪያው የቫኩም ጎሚኒ ሲነቀል 2.5 ባር ገደማ፣ ሲመለስና በሚኒሞ ሲሠራ ወደ 2 ባር ነው። የነቀሉት ጎሚኒ ውስጡ ቤንዚን ካለው የግፊት መቆጣጠሪያው ተቀዷል።

የአየር መለኪያውን ጥቁር ክዳን ከፍቶ ጥርስ ያለውን ጎማ ማዞር የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። ከእርስዎ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶት ሊሆን ይችላል፤ ክዳኑ ላይ አዲስ ሲሊኮን ካዩ ይጠርጥሩ። ከመንካትዎ በፊት የነበረበትን ጥርስ በቀለም ምልክት ያድርጉ። ስፕሪንጉ ሲጠብቅ ቤንዚን ይቀንሳል፣ ሲላላ ይጨምራል። አንድ ጥርስ ብቻ ያዙሩ፣ ያለ ጋዝ መለኪያም አይሞክሩት።

ኢጂአሩን በእጅ ቫኩም ፓምፕ ይሞክሩት። በሚኒሞ ሲከፈት ሞተሩ ሊጠፋ መንገዳገድ አለበት። ቫልቩ ተነሥቶ ሞተሩ ምንም ካልሆነ መተላለፊያው በካርቦን ተደፍኗል፤ አውጥቶ መፋቅ ነው።

ዌበር ይዘው ሬፈሪ ጋ ለሚሄዱ አንድ ነገር፦ ብዙ ሰው ዋናውን ጄት (ቤንዚን በልክ የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ይቀይራል፣ ውጤቱ ግን አይንቀሳቀስም። በምርመራው ፍጥነት ሞተሩ የሚሠራው በሚኒሞ ጄትና በመሸጋገሪያ ቀዳዳዎቹ ነው። የካርቡሬተሮቹን ስድስት የአየር መግቢያዎች በአየር ፍሰት መለኪያ እኩል ያድርጉ፣ የሚኒሞ ጄቱን ለምሳሌ ከ55 ወደ 50 ያውርዱ፣ ከዚያ የድብልቅ ብሎኖቹን በጋዝ መለኪያ ያስተካክሉ።

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ

ብክለት በሚበዛባቸው አካባቢዎች መኪናው በሮለር ላይ ሆኖ በሰዓት 15 ማይል ከበድ ባለ ጭነት፣ በ25 ማይል ቀለል ባለ ጭነት ይለካል። ከከተማ በራቁ ቦታዎች በሚኒሞና በደቂቃ 2,500 ዙር ቆሞ ነው። ከመደበኛው በፊት ቅድመ ምርመራ ይጠይቁ፤ ውጤቱ እንደ መደበኛ ምርመራ አይቆጠርም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከፍ ካለ በአብዛኛው ቤንዚን በዝቷል ማለት ነው። ሃይድሮካርቦን ብቻውን ከፍ ካለ እሳት እያመለጠ ነው፦ ካንዴላ፣ ቫልቮላ፣ ወይም አየር ሰርቆ ድብልቁ ሳስቶ። ሁለቱም አብረው ከወጡ ከቤንዚኑ ይጀምሩ። ናይትሪክ ኦክሳይድ ከፍ ካለ ማቃጠያው ግሏል፦ ኢጂአር፣ የፈጠነ ታይሚንግ፣ ወይም የሳሳ ድብልቅ። ናይትሪክ ኦክሳይዱን ለማውረድ ቤንዚን የሚጨምር ሰው ካርቦን ሞኖክሳይዱ ላይ ይወድቃል። ወረቀቱ ላይ ከእርስዎ ቁጥር አጠገብ የተፈቀደው ጣሪያና የሚያልፉ መኪኖች አማካይ ይታተማሉ፤ ከጣሪያው በጥቂቱ ብቻ ዝቅ ብለው ካለፉ በዚያው መኪና ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ሊወድቁ ይችላሉና አማካዩን ያነጣጥሩ።

የምርመራው ቀን

ዘይቱ በዚያው ሳምንት ይቀየር፤ ቤንዚን የገባበት አሮጌ ዘይት ትነቱ በፒሲቪ (የዘይት ቤቱን ትነት ወደ ሞተሩ በሚመልሰው መስመር) በኩል ተመልሶ ይቃጠላል። ወራት የቆየ ቤንዚን ካለ ተጠቅመው ይጨርሱትና አዲስ ይቅዱ፤ ታንኩን ግን ግጥም አያድርጉት። ቢያንስ 20 ደቂቃ በሀይዌይ ነድተው ይድረሱ። ወረፋ ካለ ሞተሩን አያጥፉ፤ ወረፋው ከረዘመ ደግሞ በሚኒሞ ከማቆየት ነድተው ይመለሱ፣ አለዚያ ካታሊስቱ ይቀዘቅዛል። የኋላ ጎማዎቹ ሮለር ላይ ስለሚወጡ ያረጁ ከሆኑ መርማሪው ሊመልስዎት ይችላል። ማርሚታው መጋጠሚያ ላይ የሚነፍስ ከሆነም ንጹሕ አየር ገብቶ ልኬቱን ያበላሻል፤ ጓርኒሲዮኑን ቀድመው ይቀይሩ።

ካለፉ የምስክር ወረቀቱ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለዲኤምቪ (ታርጋ ለሚሰጠው የግዛቱ መሥሪያ ቤት) ይላካል፤ የግዛቱ ክፍያ 8.25 ዶላር ሲሆን የጣቢያው ዋጋ ለብቻው ነው። የውጤት ወረቀቱን፣ የፈቃድ ቁጥሮቹን ፎቶ እና የኮፈኑን መለያ ፎቶ በአንድ ፖስታ መኪናው ውስጥ ያኑሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣው መርማሪ ሌላ ሰው ነው፣ እንደ አዲስ ይጠይቃል።