የመጀመሪያ ልጅ ሲጠበቅ ቤቱን ለሁለት እንዴት መያዝ ይቻላል?

ይህን የምጽፈው ከደሴ ነው። ሐምሌ ገብቷል። የጦሳ ተራራ ጉም እንደለበሰ ሦስት ቀን ሆነው። ባለቤቴ ከወገቧ ሥር ትራስ አድርጋ በጎኗ ጋደም ብላለች። ቀኗ ሊደርስ 11 ቀን ቀርቷል። የመጀመሪያችን ነው።

ሚስቱ ማርገዟን የሰማ ወንድ ደስ ይለዋል፣ ለእናቱ ይደውላል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔም እንደዛው ነበርኩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ብር ተጨነቅኩና ድርሻዬን የተወጣሁ መሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ፤ ለካ የወንዱ ሥራም ብዙ ነው። የሠራነውን በተራ እነግራችኋለሁ። አንዳንዱ ላይ ቆም ብል ታገሱኝ።

1. ቀኑን በራሳችን ካላንደር ቁጠሩ

ስልክ ላይ ያሉት መቁጠሪያዎች አብዛኞቹ በፈረንጅ ወር ነው የሚያሰሉት። የኛው ይቀላል፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው። እርግዝና የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ተነስቶ 280 ቀን ነው። ስለዚህ 9 ወር ከ10 ቀን ደምሩ። መሀል ላይ ጳጉሜ ካለች በ10 ፈንታ 5 ቀን ብቻ ጨምሩ። ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4።

የኛ ጥቅምት 12 ነበር። 9 ወር ሲደመር ሐምሌ 12፣ 10 ቀን ሲጨመር ሐምሌ 22። ጥር 5 ያየች ሴት ግን ጳጉሜን ስለምታቋርጥ ጥቅምት 10 ይወጣላታል። ይሄ ግምት ነው። ልጁ ሁለት ሳምንት ቀደም ቢል ወይም ትንሽ ቢዘገይ አትደንግጡ።

አንድ ምክር፦ ለዘመድ ቀኑን አትንገሩ። “ወደ ሐምሌ መጨረሻ” በሉና እለፉ። እኛ ለአክስቷ 22ን ነገርናቸው። ከሰኔ ጀምሮ በየማለዳው ይደውላሉ።

2. ካርድ አውጡ፣ አባትየውም ይግባ

የመጀመሪያው ክትትል 12 ሳምንት ሳይሞላ ቢሆን ነው የሚመከረው። ብዙ ሰው “ሆዷ ይታይ” ብሎ ይቆያል። አትቆዩ። በመጀመሪያው ቀን ክብደት፣ የደም ግፊት፣ ሽንትና ደም ይታያል። የደም ማነስ፣ የደም ዓይነት፣ ኤች አይ ቪ፣ ቂጥኝ፣ የጉበት ቫይረስ፤ ሁሉም በአንድ መርፌ ደም ይመረመራል። የቴታነስ ክትባቱም አለ። ሁለት ጊዜ ትወጋለች፣ በመካከሉ ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆያል። እስክትወልድ 8 ጊዜ መታየት ነው የሚመከረው። በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ክትትሉም ወሊዱም በነጻ ነው።

መጀመሪያ የሄድን ቀን እኔ በር ላይ ከጥበቃው ጋር ስለ ኳስ ሳወራ ዋልኩ። ባለቤቴ ወጥታ “ምን አሉሽ?” ብላት ግማሹን ረስታዋለች። በሁለተኛው ቀን አዋላጇ እኔኑ አስጠራችኝና “አባትየው ደሙን አይሰጥም እንዴ?” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አብሬ እገባለሁ። ካርዱን የምይዘው እኔ ነኝ። የሚነገረውን ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። የቀጠሮውን ቀን የማስታውሰውም እኔ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እሷ ግን “ከሁሉም እሱ ነው የጠቀመኝ” ትላለች።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ውጭ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እወቁት። እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። የሐኪም ማስረጃ እስካመጣች ድረስ ለምርመራ የሄደችበትም ይከፈላታል። ለአባት የተሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። አዎ፣ ሦስት። የዓመት ፈቃዳችሁን ከአሁኑ ቆጥባችሁ ያዙ።

3. የቡናውን ነገር ፍቱ

እዚህ ላይ ልቆይ ነው፤ ወሎ ያለ ሰው ያውቀዋል። ቡና በቀን ሦስቴ ነው። ጎረቤት ጠርቶሽ ካልሄድሽ ተኳርፋችኋል ማለት ነው። ባለቤቴን ደግሞ ገና በሁለተኛው ወር ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ አላስቆም አላት። ምጣዱ ሲሰማ ወደ ጓሮ ሩጫ ነው። እርግዝናው ደግሞ ገና ምስጢር ነው።

ጨጓራዋን አመማት ብለን ጀመርን። አንድ ሳምንት ሠራ። ከዚያ ሴቶቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። ግቢያችን ውስጥ አንዲት እናት አሉ፣ እማማ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን ከሰሉንና ረከቦቱን አንስተው በረንዳቸውን ትተው ግቢው በር ጋ ሄደው ተቀመጡ። “ምነው እማማ?” አልኳቸው። “ፀሐይ ልሙቅ ብዬ” አሉኝ። ያን ቀን ፀሐይ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ሙሉ እዚያው ቆሉ። አንዲት ቃል አልጠየቁንም።

ስለዚህ ምክሬ ይሄ ነው። ለአንዲት ጎረቤት፣ አፏ ለሚያርፍ፣ ቀድማችሁ ንገሩ። ሌላውን እሷ ታስተካክልላችኋለች። ማቅለሽለሹን ለመቀነስ ከአልጋ ሳይነሱ ደረቅ ነገር መቅመስ ይረዳል። እኛ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ራስጌ እናስቀምጥ ነበር። ሆድ ባዶ እንዳይሆን ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ መብላትም ጥሩ ነው። ውሃ እንኳ አልረጋ ካላት ግን ይሄ ቤት ውስጥ የሚታከም አይደለም፤ ውሰዷት።

ቡናው በአምስተኛው ወር ተመለሰላት። ሌላ ጣጣ ይዞ ነው የተመለሰው። የደም ማነስ ክኒኗን (አይረን የሚሉትን) ቁርስ ላይ በሻይ ትውጥ ነበር፤ ከዚያ አቦል ይከተላል። በቀጠሮዋ ደሟ ሲለካ ወርዷል። “ክኒኑን ትውጫለሽ?” “በየቀኑ።” “በምን?” “በሻይ።” አዋላጇ ሳቀች። ሻይና ቡና አይረኑን ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጉታል። ቢያንስ አንድ ሁለት ሰዓት ይራራቁ። እኛ ወደ ማታ አዞርነው፤ ከመኝታ በፊት በውሃ፣ ሲገኝ ከብርቱካን ጋር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ደሟ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሰገራ ቢጠቁር ከክኒኑ ነው፣ አትፍሩ። ብዛቱን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ ካፌይን የምትወስድ ነፍሰ ጡር እንድትቀንስ ይመክራል። እኛ አቦሏን ትጠጣለች፣ ቶናና በረካው ለኔ ነው።

4. ሥራውን ተካፈሉ፣ በአፍ ሳይሆን በስም

“አግዝሻለሁ” ማለት ምንም ማለት አይደለም። የትኛው ሥራ የማን እንደሆነ በስሙ ጥሩት። ውሃ እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው፤ ጀሪካን መሸከም ሙሉ በሙሉ የኔ ሆነ። እንጨትና ኩበት የምትጠቀሙ ከሆነ ከጭሱ አርቋት፣ ለእሷም ለጽንሱም አይበጅም። እንጀራ ግዙ፣ ወይ እህት ትጋግር። እኔ በኤሌክትሪክ ምጣድ ሞከርኩ። የመጀመሪያው ዓይን የሌለው ወጣ፣ ሁለተኛው ካርታ መሰለ። እማማ አይተው “አብሽር፣ ይበላል” አሉኝ። ተበላ።

5. ምግብና አምሮት

“ብዙ ከበላች ልጁ ይተልቅና ምጥ ይጠናባታል” የሚባለውን አትስሙ። እንዲያውም ከወትሮው አንድ መክሰስ ብትጨምር ነው ደንቡ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ በሶ፤ ቤት ያለው ይበቃል። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር። ጠላና አረቄም፣ ጫትም። ጾሙን ከንስሐ አባቷ ጋር ትማከር። ሙስሊም ከሆነች ለራሷ ወይም ለልጁ ከሰጋች ረመዳንን አፍጥራ በኋላ ቀዳ ማውጣት እንደምትችል የታወቀ ነው።

አምሮት ያስቃል፤ ባለቤቴ በጥር በለስ አማራት፣ ክረምት የሚደርሰውን። አንዱ አምሮት ግን አያስቅም። አፈር ወይም የግድግዳ ጭቃ ካማራት የደም ማነስ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ለአዋላጇ ንገሩ።

6. ከእናቶች ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ

አማቴ በሰኔ መጡ። ቅቤ፣ የገንፎ ዱቄትና አጃ ይዘው። “ማርያም በሽልም ታውጣሽ” ብለው ሳሟት። እማማ በበኩላቸው ሴቶቹን ሰብስበው ዱዓ አደረጉላት። ቡናው ተፈላ፣ እጣኑ ጨሰ፣ ጫት ለሚቅመው ቀረበ፤ እሷ መሀል ተቀምጣ “አሚን” ትል ነበር። አማቴም አብረው አሚን አሉ። ይህን አትዝለሉት። ሐኪም የማይሰጠው መድኃኒት ነው፤ ያን ማታ ከስንት ቀን በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት።

አስቸጋሪው ቅቤው ነው። ለተወለደ ልጅ ቅቤ የማቅመስ ልማድ አለ። ሐኪሞቹ ደግሞ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት፣ ያውም እንገሩ ሳይደፋ፣ ከዚያም እስከ 6 ወር ውሃ እንኳ የለም ይላሉ። ይህን ክርክር ወሊድ ክፍል በር ላይ አትጀምሩት። አማቴን ወደ አንዱ ቀጠሮ ይዘናቸው ሄድን፣ አዋላጇ ራሷ በአክብሮት ነገረቻቸው። ሲመለሱ መንገድ ላይ ዝም አሉ። ቤት ሲደርሱ “እንግዲያው ቅቤው ለገንፎው ይሁናት” አሉ። አለቀ።

7. ቦርሳውን አዘጋጁ

ሳይወለድ ልብስ መግዛት አይወደድም፣ አውቃለሁ። እኛም በድብቅ ነው የገዛን። ደሴ በክረምት ብርድ ናት፤ ኮፍያ፣ ካልሲ፣ ሁለት ሦስት የታጠበ መታቀፊያና ለስላሳ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል። ለእሷ ነጠላ፣ ጋቢ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ ሞዴስ፣ ሳሙና። የክትትል ካርድ፣ መታወቂያ፣ ጥቂት ጥሬ ብር፣ ቻርጀር። ከበሩ ጀርባ ይሰቀል። የቀረውን የአክስት ልጆች ልብስ ይሞላዋል።

8. ሌሊቱን አስቡ

ምጥ ቀን መርጦ አይመጣም። እኛ ሰፈር ባጃጅ ከመሸ አይገኝም። የሁለት ሾፌር ስልክ ያዙ፣ አንዱ ላያነሳ ይችላል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ደሟ ምን ዓይነት እንደሆነ እወቁና ደም ሊሰጥ የሚችል ዘመድ ከአሁኑ ለዩ።

ከዚያ የምትወልድበት ድረስ አንድ ምሽት ሄዳችሁ ሞክሩት። እኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ በባጃጅ ሄድን። ዋናው በር ዝግ ነው። የሌሊት መግቢያው በጀርባ በኩል፣ ጭቃው መሀል። ያን ባናውቅ ኖሮ ምጥ ይዟት በር ስንደበድብ ነበር።

ገጠር ላላችሁ፣ ደላንታም ሆነ አምባሰል፣ ክረምት መንገድ ሲቆረጥ አምቡላንስ መጠበቅ አይሆንም። ብዙ ጤና ጣቢያ የእናቶች ማቆያ አለው። ቀኗ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ገብታ እዚያው ትጠብቃለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቁ።

መቼ ነው የሚኬደው? ለመጀመሪያ ልጅ ምጡ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። በየ5 ደቂቃው እየመጣ አንድ ደቂቃ ያህል ከቆየ ተነሱ። ቤታችሁ ሩቅ ከሆነ ቀደም በሉ። የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ምጥ ባይኖርም ሂዱ። ደም፣ ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ ትኩሳት፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ “እስኪነጋ” አይባልም። መንቀጥቀጥ ከመጣማ አንድ ደቂቃም አትጠብቁ። ከ28 ሳምንት በኋላ ደግሞ በጀርባዋ ሳይሆን በጎኗ ትተኛ።

ስልካችሁ ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን። ባጃጅ ነጂያችን ዛሬ ራሱ ደውሎ “ገና ነው እንዴ?” አለኝ። ገና ነው። አማቴ አጃውን እየለቀሙ ነው። እማማ ቡና እየቆሉ ነው፣ በረንዳቸው ላይ። መብራት አሁን ሄደ፤ ስልኬ 83 ላይ ነው።