ፍሌሽ ጎለም ጨዋታውን ሲያበላሽባችሁ

ከሬሳ ቁርጥራጭ ተሰፍቶ የተሠራው ፍሌሽ ጎለም በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ወክለው በዳይስ በሚጫወቱት የምናብ ጨዋታ) ላይ ጭቅጭቅ አያጣውም። አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው እንደ ዞምቢ ስለሚታይ ነው። ይህ ለዲኤሞች (ጨዋታውን ለሚመሩት) የተጻፈ ነው፤ ቁጥሮቹ በ2014 ከወጣው አምስተኛ እትም የተወሰዱ ናቸው።

ክሌሪኩ (የአምላክ ኃይል ያለው ገጸ ባሕርይ) ቅዱስ ምልክቱን አነሳ፣ ጎለሙ ንቅንቅ አላለም

ሥጋው የሙታን ቢሆንም በሕጉ የሚመደበው ከኮንስትራክቶች (ተሠርተው ሕይወት ከተሰጣቸው ነገሮች) ጋር ነው። ሙታንን የሚያባርረው ኃይል አይነካውም። ኪዩር ዉንድስ የተባለው የፈውስ አስማትም አይሠራለትም። ተጫዋቹ ተራውን በከንቱ እንዳያቃጥል ቀድማችሁ ፍንጭ ስጡት፦ አንዱ ክንድ ከሌላው ይረዝማል፣ አንገቱ ዙሪያውን በወፍራም ክር ተሰፍቷል።

ዊዛርዱ (አስማተኛው) መብረቅ ለቀቀበት፣ ጭራሽ ዳነ

ትክክል ነው። መብረቅ አይጎዳውም፤ የጉዳቱን ያህል ይፈውሰዋል። 41 ሂት ፖይንት (የሕይወት ነጥብ) የቀረው ጎለም ላይ 28 የመብረቅ ጉዳት ካረፈ 69 ይሆናል። «ምንም አልሆነም» ብላችሁ አትለፉት። የተተረተረው ስፌት ሲገጥም፣ የደበዘዘው ዓይን ሲበራ ተናገሩ። ከዚያ በኋላም የሚደግም ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።

ሰይፍ አልሠራ አለ

ተራ ብረት አይጎዳውም። አስማታዊ መሣሪያ ወይም አዳማንታይን (እጅግ ጠንካራ የምናብ ብረት) ይፈልጋል። ቡድኑ ሁለቱም ከሌሉት ክፍሉ ውስጥ እሳት አስቀምጡለት። ችቦ 1 ነጥብ ብቻ ቢያቃጥለው እንኳ እስከ ቀጣዩ ተራው መጨረሻ ድረስ በዲስአድቫንቴጅ (ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን በመውሰድ) ይመታል። ቀላል ነገር አይደለም፤ በየተራው ሁለቴ ይመታል፣ አንዱ ምት በአማካይ 13 ነው። አርመር ክላሱ (እሱን ለመምታት የሚያስፈልገው ቁጥር) ደግሞ 9 ስለሆነ ችቦውን ማሳረፍ አያስቸግርም።

ጎለሙ ሳያብድ ሞተ

የዚህ ፍጡር ጣዕሙ እብደቱ ነው፣ የሚረሳውም እሱ ነው። ተራው ሲጀምር ሂት ፖይንቱ 40 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ባለ 6 ገጽ ዳይስ ጣሉ። 6 ከወጣ ያብዳል። በተመታ ቁጥር የሚጥሉ ዲኤሞች አሉ፤ ስህተት ነው። ወረቀታችሁ ላይ 40 ቁጥርን አክብቡባት።

ችግሩ ከ40 በታች ሦስት ተራ ቢቆይ እንኳ የማበድ ዕድሉ 42 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። እኔ 5ም እንዲቆጠር አደርጋለሁ። የራሴ ሕግ ነው፣ መጽሐፉ ላይ የለም።

ካበደ ወዳጅ ጠላት አይልም፤ የሚያየውን የቅርቡን ሰው ይመታል። ስለዚህ ፈጣሪውን (ጎለሙን የሠራውን ሰው) እዚያው ክፍል ውስጥ አቁሙት። በ60 ጫማ ውስጥ ካለ አክሽኑን (የተራውን ድርጊት) ሰውቶ ሊያረጋጋው ይችላል፤ በፐርስዌዥን (በማሳመን ችሎታ) ዳይስ ጥሎ ቢያንስ 15 ማምጣት አለበት። ተጫዋቾቹ ነገሩ ከገባቸው ቀስ እያሉ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፣ ጌትዬው የቅርቡ ሰው ሆኖ ይቀራል።

ሂት ፖይንቱ ሙሉ በሙሉ ከተመለሰም እብደቱ ይለቀዋል። ብልጥ ፈጣሪ የራሱን ጎለም በመብረቅ ሊመታው ይችላል ማለት ነው። ግን ከ40 እስከ ሙሉው 93 ድረስ 53 ይጎድላል፤ በሦስተኛ ደረጃ የሚለቀቅ መብረቅ ቢበዛ 48 ነው።