በበልግ ወራት በደጋው ጓሮና ማጀት የሚሠሩ ስህተቶች

የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ የጓሮው ቁፋሮ፣ የፋሲካ ድግስና የገበያው ሩጫ በእነዚሁ ወራት ይገጣጠማሉ። ቆላ ላይ የሚያዋጣ አሠራር ደብረ ብርሃንና መንዝ ላይ የሚከሽፈው በብዛት በብርዱና በከፍታው ምክንያት ነው።

እርጥብ መረሬ መቆፈር

መረሬ፣ ማለትም ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ ላይ ዝናቡ በጣለ ማግስት ዶማ ይዞ መውጣት ዓመቱን ሙሉ ያስከፍላል። ጭቃው ይጠቀጠቅና ሲደርቅ ሥር የማያሳልፍ ጓል ይሆናል። እፍኝ አፈር ጨብጡና በአውራ ጣት ጫን በሉት፤ ከፈረሰ ቆፍሩ፣ ከተድቦለቦለ ጥቂት ቀን ታገሡ።

ያልበቀለ ድንች መትከል

ለወጥ የተገዛውን ድንች ከዘንቢል አውጥቶ መቅበር የተለመደ ነው፤ ግማሹ መሬት ውስጥ ይበሰብሳል። ለዘር የሚሆነው የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር የበቀለ ነው። ጨለማ ውስጥ የበቀለው ቡቃያው ነጭና ቀጭን ስለሚሆን ሲተከል ይሰበራል። ብርሃን ባለበት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማትመታው ቦታ ስስ አድርጎ ማስጣት ነው።

በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሴንቲ ሜትር ይተው። ተጠጋግቶ የተተከለው ቅጠሉ እርጥበት ይዞ ስለሚውል በበሽታ ቶሎ ይጠቁራል። መረሬ ላይ ከሆነ መደቡን ከፍ ማድረግ ግድ ነው፤ ውሃ ከተኛበት ተስፋ የለውም። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን አፈር አስታቅፉት። ፀሐይ ያገኘው ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይመራል፤ መርዝነት ስላለው ለልጆች ቀርቶ ለአዋቂም አይቀርብም።

አብሲቱን በትኩሱ መመለስ

ሊጡ በብርድ ስለዘገየ ብቻ አብሲቱን እንደፈላ መገልበጥ እርሾውን ይገድለዋል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ጣት የሚችለው ለብታ ሲደርስ ይመለስ። ደጋ ላይ ሊጥ ሦስት አራት ቀን ቢወስድ ችግር የለውም፤ ቡሃቃውን ማታ ማታ ምድጃው አጠገብ ማሳደር ይረዳል።

የዶሮውን ሽንኩርት ማጣደፍ

የፋሲካ ወጥ የሚበላሸው በብዛት እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይደቃል፤ ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ይቁላላል። ውሃውን ሳይጨርስ ቅባት ከገባበት ሽንኩርቱ እንደተንሳፈፈ ይቀርና ወጡ አይያያዝም። በርበሬው ሲገባ ጠብ ጠብ እያደረጉ ውሃ መስጠት ነው፤ በደረቁ ካረረ ምሬቱን መከለሻም አይመልሰውም። ቅቤው ወደ ላይ ሲወጣ ዶሮው ይገባል።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ እሳት መጨመር ውሃውን ይጨርሳል እንጂ ሥጋውን አያፈጥነውም። ክዳኑን ግጠሙ፣ ሲጎድል የፈላ ውሃ ጨምሩ፤ ለአበሻ ዶሮ ከተለመደው ሰዓት በላይ ያዙለት። እንቁላሉም እንዲሁ ነው።

ገበያውን ለሰሙነ ሕማማት ማቆየት

ያኔ ቅቤውም ዶሮውም ይወደዳል፣ ምርጫውም ያልቃል። ዶሮውን ቀደም ብሎ ገዝቶ መቀለብ፣ ቅቤውንም በቀስታ አንጥሮ ማስቀመጥ ይሻላል።

በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ

የበልግ ጉም ሲወርድ ምድጃውን አስገብቶ በርና መስኮት መዝጋት ይመጣል። ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ቀለምም ሽታም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ መስኮቱ ገርበብ ይበል፣ ሰው ከመተኛቱ በፊት ምድጃው ይውጣ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የጀመረውን ሰው ወዲያው ወደ ደጅ አውጥታችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት።