በእስላማዊ ፋይናንስ ማስተርስ የሚማሩ ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ዓለም ባንክና ቤቴል በሚባሉት ሰፈሮች አካባቢ አካውንቲንግ ወይም ኢኮኖሚክስ ጨርሰው በእስላማዊ ፋይናንስ ማስተርሳቸውን ለመሥራት የሚነሱ ወጣቶች ያማክሩኛል። ደስ ይለኛል፤ ዘርፉ ሰው ይፈልጋል። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ላይ ናቸው፤ ሌሎች ባንኮችም አገልግሎቱን በመስኮት፣ ማለትም ከመደበኛው ሥራቸው ጎን ለጎን በተለየ ክፍል፣ ይሰጣሉ። ብዙ ጎበዝ ልጆች ግን በሚከተሉት ስህተቶች ሲደክሙ አያለሁ።

የውሎቹን ስም ሸምድዶ ቅደም ተከተላቸውን መዝለል

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። የሙራባሃን (የተገዛበት ዋጋና ትርፉ ተነግሮ የሚደረግ ሽያጭ)፣ የኢጃራን (ኪራይ)፣ የሙዳራባን (አንዱ ገንዘብ ሌላው ሥራ አዋጥተው ትርፍ የሚካፈሉበት ውል) ትርጉም በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ሞልቷል። ቁም ነገሩ ግን የትኛው ፊርማ ከየትኛው ይቀድማል የሚለው ነው። ከአየር ጤና ወደ ዓለም ባንክ በሚወስደው መንገድ ዳር የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ አስቡ። አንድ መኪና ሲሚንቶ ይፈልጋል። መጀመሪያ እንደሚገዛ ቃል ይገባል። ባንኩ ሲሚንቶውን ከአቅራቢው ገዝቶ ይረከባል። ከዚያ በኋላ የገዛበትን ዋጋና የሚያተርፈውን ለይቶ ነግሮ ለነጋዴው በዱቤ ይሸጥለታል። ባንኩ ከተረከበ በኋላ፣ ነጋዴው ሳይገዛው፣ ሲሚንቶውን ዝናብ ቢያበላሸው ኪሳራው የባንኩ ነው። ትርፉን ሐላል የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ለጥቂት ሰዓትም ቢሆን ዕቃውን ከነአደጋው መሸከሙ። ነጋዴው ቀድሞ ገዝቶ ደረሰኝ ይዞ ቢመጣና ባንኩ በሙራባሃ ስም ገንዘብ ቢሰጠው ግን፣ ወረቀቱ ምንም ቢል፣ የተደረገው ብድር ነው። ክፍያ ሆን ብሎ በሚያዘገይ ደንበኛ ላይ የሚጣለው ቅጣትም የባንኩ ገቢ አይሆንም፣ ለበጎ አድራጎት ይውላል። ማንኛውንም ውል ስታነቡ በየአንቀጹ ቆም ብላችሁ “አሁን ዕቃው የማን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።

ያደጉበትን መዝሀብ ብቻ ይዞ መግባት

ብዙዎቻችን የቀራነው ከአራቱ መዝሀቦች (የእስላማዊ ሕግ አስተምህሮዎች) የአንዱን፣ የሻፊዒይን ፊቅህ (የሕግ ትምህርት) ነው፤ ያ ሀብት ነው። የዘመኑ ውሎች ግን ከአራቱም መዝሀቦች ተውጣጥተው የተሠሩ ናቸው። ከላይ ያነሳሁትን የነጋዴውን ቃል ውሰዱ። አብዛኞቹ የጥንት ሊቃውንት ቃል መጠበቅ በጎ ነው እንጂ በዳኛ የሚያስገድድ አይደለም ይላሉ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ፣ ቃሉ በአንድ ወገን ብቻ ከተሰጠና የተገባለት ወገን በእሱ ተማምኖ ወጪ ካወጣ ያስገድዳል አለ። ሁለቱም ወገኖች እንዳይወጡ አድርጎ ማሰርን ግን ከለከለ፤ ያልያዙትን ከመሸጥ ጋር ይመሳሰላልና። የዛሬው የባንክ ሙራባሃ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ጥናትን ወደ ጥብቅና መቀየር

ሃይማኖቱን የሚወድ ተማሪ ትችት ሲሰማ ይቆጣል፤ ስሜቱ ይገባኛል። ይሁን እንጂ ከባዱ ትችት የመጣው ከዑለማዎቹ ከራሳቸው ነው። ያው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ሻርጃ ላይ ባንኮች የሚያቀነባብሩትን ተወሩቅ (ዕቃ በዱቤ ገዝቶ ለሌላ ሰው በጥሬ ገንዘብ በመሸጥ ገንዘብ ማግኘት) አልፈቀደም፤ ማሌዥያ ግን በሰፊው ትሠራበታለች። የሁለቱንም ወገን መከራከሪያ በቅንነት መጻፍ የማይችል ተማሪ ለማስተርስ ገና ነው ባይ ነኝ።

የአገርን ሕግ መርሳት

የእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 የሻሚል ባንክንና ገንዘብ የወሰደውን የቤክሲምኮ ኩባንያ ክርክር ሲወስን፣ ውሉ ላይ ሸሪዓ ቢጠቀስም የፈረደው በእንግሊዝ ሕግ ብቻ ነው። የእኛም ነገር ከዚህ ብዙ አይርቅም። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተሰጣቸው ሥልጣን ጋብቻን፣ ውርስን፣ ወቅፍንና የመሳሰሉትን ነው። የሲሚንቶው ነጋዴና ባንኩ ቢጣሉ የሚዳኙት በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው። ስለዚህ የፍትሐ ብሔር ሕጉን የውልና የሽያጭ ክፍል ሳያነቡ መመረቅ ጎደሎ ነው።

ስለ ትምህርት ቤት ምርጫ ብዙ አልልም። ኩዋላ ላምፑር ያለው የእስላማዊ ፋይናንስ ዩኒቨርሲቲ ኢንሲፍም ሆነ እንግሊዝ ያለው ዱረም ዩኒቨርሲቲ ስማቸው የታወቀ ነው፤ እናንተ ግን የኮርስ ዝርዝሩን እዩ። ደግሞም የእስላማዊ ፋይናንስ መመዘኛዎችን የሚያወጣው የአዮፊ (AAOIFI) ድርጅት የሙያ ሰርተፊኬት ጥሩ ነው፣ ማስተርስ ግን አይደለም።

የመመረቂያ ጽሑፍን በመጠይቅ መጨረስ

“የደንበኞች ግንዛቤና እርካታ” የሚል ርዕስ በየዓመቱ ይጻፋል። መጠይቅ መበተን ቀላል ስለሆነ ነው። እስኪ ከከተማው ዳር ወጣ ብላችሁ ኮዬ ፈጬን እዩ፤ ቤት ፈላጊው ስንት ነው! መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት አገር ባንክና ደንበኛ አንድን ቤት በሙሻረካ (በሽርክና ውል) በጋራ ይዘው ደንበኛው የባንኩን ድርሻ ቀስ በቀስ ቢገዛ፣ ካርታው በማን ስም ይወጣል? በየጊዜው ለሚዛወረው ድርሻ የስም ማዛወሪያና ታክስ ማን ይከፍላል? ደንበኛው መሀል ላይ ቢሞት ወራሾቹ የሚወርሱት ምንድን ነው? ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ የውል ሰነድና የሊዝ ሕግ ያገላበጠ ተማሪ፣ ባንኮቹ ራሳቸው ቁጭ ብለው የሚያነቡት ሥራ ይኖረዋል።